ኮባ በአውሮፓ ብርድ

ጎንደር ላደገ ሰው ስለ ኮባ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከጓሮ ይቆረጣል፣ ይታጠባል፣ ዳቦ ይጋገርበታል። ይሁን እንጂ ይህ ቅጠል ባሕር ተሻግሮ ብዙ ያደከመ ተክል ስለሆነ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ወደድን።

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ እንሰት ሲጽፍ ግንዱ ተቀቅሎ እንደሚበላ ገለጸ። በ1853 የምጽዋው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ዘሩን በለንደን ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ቦታ ላከ። የአገሬውን ስም ጽፎ ቢልክላቸውም ሊቃውንቱ ዘሩን አላወቁትም፤ የሙዝ ዘመድ መሆኑን የለዩት በቅሎ ካዩት በኋላ ነው። «የሐበሻ ሙዝ» የሚለው ስም ግን ለእኛ አይዋጥልንም። ሙዝ ከሥሩ ልጆች እያወጣ ይተካል፤ ኮባ አንድ ጊዜ አብቦ አፍርቶ ይሞታል።

ከ1860ዎቹ ጀምሮ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን የሞቃት አገር ተክሎች በበጋ ሜዳ ላይ መትከል በፓሪስና በለንደን ፋሽን ሆነ። ዊልያም ሮቢንሰን በ1871 ባወጣው መጽሐፍ ኮባን እጅግ አመስግኗል። ነፋስ ቅጠሉን ስለሚተለትለው ከለላ ባለው ቦታ ያቆሙታል፤ ከጎኑ ካናና ጉሎ ይተክላሉ። ጉሎ ያው ምጣድ የምናሟሽበት ነው፤ እዚህ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ኪካዮን ማለት ነው።

ችግሩ ክረምታቸው ነበር። በአገራችን ክረምት ዝናብና ልምላሜ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ውርጭ ነው። ስለዚህ ውርጭ ሳይወርድ ኮባውን ከነሥሩ ነቅለው፣ ከመካከሉ ለጋ ቅጠል በቀር ሌላውን ቆርጠው፣ በመስታወት ቤት ወይም ውርጭ በማይደርስበት ምድር ቤት ያኖሩታል። ውሃ የሚሰጡት በጣም ጥቂት ነው፤ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ግንዱ ይበሰብሳል። ብርዱ ፈጽሞ ሲያልፍ መልሰው ይተክሉታል።

እዚህ እስራኤል በባሕሩ ዳርቻ ውርጭ ብርቅ ነው፤ ኢየሩሳሌም ግን በረዶ የሚጥልበት ዓመት አለ። ኮባ አጥተው ዳቦውን በወረቀት ላይ የሚጋግሩ እናቶች አሉንና በረንዳ ላይ በትልቅ ገንዳ ሊያሳድጉት የሚያስቡ ቤተሰቦች ይህን ልብ ይበሉ፦ በዚህ አገር ዝናቡ የሚመጣው ከብርዱ ጋር ነው። ስለዚህ በክረምት ገንዳውን ዝናብ ወደማይደርስበት ግድግዳ ጥግ ማስጠጋትና ውሃውን መቀነስ ያስፈልጋል።