ከሆስፒታል ማድቤት የወጣ ሙያ

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ታሪክ ነው፤ የሚጀምረው ግን ከራሳችን ሰፈር ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ደረጃ ስትወጣ ይደክማታል፣ ራሷን ያዞራታል፣ ፀጉሯም ይረግፋል። እሁድ ስንገናኝ ከመካከላችን አንዷ «የምግብ ባለሙያ አውቃለሁ» ብላ ወሰደቻት። ባለሙያ የተባለችው ሴት ነጭ ጋውን ለብሳለች። ምን ትበያለሽ፣ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ፣ የወር አበባሽ እንዴት ነው ብላ ሳትጠይቅ አንድ ቆርቆሮ ዱቄት በግማሽ ወር ደሞዝ ሸጠችላት። ሁለት ወር ሙሉ ጠጣችው። በኋላ ደረጃ ላይ ወደቀችና ሐኪም ቤት ደሟ ሲመረመር የደም ማነስ ሆኖ ተገኘ።

«ለመሆኑ የምግብ ባለሙያ የሚባለው ማነው? ከየት የመጣ ሙያ ነው?» ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ትምህርት ያቆምኩት አስረኛ ክፍል ላይ ቢሆንም ማታ ማታ ስልኬ ላይ አነባለሁ።

ሙያው ለካ ያደገው ማድቤት ውስጥ ነው! እ.ኤ.አ. በ1854 በክሪሚያ ጦርነት የቆሰሉ የእንግሊዝ ወታደሮች በመርከብ እየተጫኑ ስኩታሪ ወደሚባል ቦታ ይመጡ ነበር። ቦታው ዛሬ ኢስታንቡል ውስጥ ነው። በኅዳር ወር ፍሎረንስ ናይቲንጌል 38 ነርሶች ይዛ ደረሰች። ሥጋው ምልክት እየታሰረበት ትልልቅ ጋን ውስጥ ይጣላል፤ አንዱ ጥሬውን፣ ሌላው አሮ ይወጣል። የሚታደለው ከነአጥንቱ በሚዛን ስለነበር አንዳንዱ በሽተኛ የሚደርሰው አጥንት ብቻ ነው። ትራፊ የሚደርሰን እኛ ይሄ ይገባናል። ናይቲንጌል በጣም ለታመሙት ለብቻ የሚበስልበት ማድቤት አቋቋመች። በ1855 ደግሞ አሌክሲ ሶየር የሚባል ታዋቂ ወጥ ቤት ከለንደን መጥቶ ወታደሮቹን አበሳሰል አስተማረ። ናይቲንጌል ኋላ በጻፈችው መጽሐፍ ሰው ሁሉ ኃይል ይሰጣል የሚለው የሥጋ መረቅ፣ ውኃው ተንኖ ሲያልቅ የሚቀረው ጠጣር ነገር እጅግ ጥቂት እንደሆነ አሳይታለች። እኔ ይሄን ሳነብ ያ ቆርቆሮ ትዝ አለኝ።

በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በሆስፒታልና በመሳሰሉት ቦታዎች ምግብ የሚያዘጋጁ የአሜሪካ ሴቶች ክሊቭላንድ ከተማ ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። መሪዎቹ ሌና ኩፐርና ሉሉ ግሬቭስ ነበሩ። በ1969 ደግሞ ባለሙያው ተፈትኖ የሚመዘገብበት ሥርዓት መጣ። እንግሊዝ አገር ዛሬ «ዳይቲሺያን» የሚለውን ስም ያልተመዘገበ ሰው ቢጠቀምበት ሕግ ይከለክለዋል፤ «ኒውትሪሽኒስት» የሚለውን ግን ማንም በሩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ጓደኛዬን የጎዳት እንዲህ ያለው የስም ልዩነት ነው።

የእኛም አገር የራሱ ታሪክ አለው። በ1962 በስዊድን እርዳታ አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ምግብ ጉዳይ የሚያጠና ክፍል ተቋቋመ፤ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከዚያ የወጣችውን ፋፋን የማያውቅ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ፋፋም ዱቄት ናት፤ ዱቄት ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው አልልም። ፋፋ የተሠራችው ግን ጡት የሚጥሉ ሕፃናት ምን እንደሚጎድላቸው ከተጠና በኋላ ነው። እህሉ ላይ ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄትና ቫይታሚን የተጨመረው ለዚያ ነው። የጓደኛዬን ጉድለት ማን አጠና?

ስለዚህ የሚያዞራት፣ የሚደክማት፣ ወይም ስኳርና ነፍሰ ጡርነት ያለባት እህት መጀመሪያ ሐኪም ትይ፣ ደሟን ትመርመር። ቀጥሎ «አኽሳኢየት ተግዚዬ» የምትባለዋን ከክሊኒኩ ትጠይቅ፤ የት እንደተማረችና ፈቃድ እንዳላት መጠየቅም ነውር አይደለም። ሳትጠይቅሽ የምትሸጥልሽ ከሆነ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። ክብደት መቀነስ ብቻ የፈለግሽም ብትሆኚ ያው ነው፤ የማቅጠኛ ሻይ ሻጮች እሁድ እሁድ መካከላችን ስለማይጠፉ ነው ይሄን የምለው።

ጓደኛዬ ሐኪሙ የብረት ኪኒን አዘዘላት። የክሊኒኩ የምግብ ባለሙያ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስትጠይቃት ቆየች፤ ቁርስ እንደማትበላና ከምሳ ጋር ሁለት ብርጭቆ ሻይ እንደምትጠጣ ያን ጊዜ ነው የወጣው። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ሻዩን ከምግብ እንድታርቅ፣ ምስር ስትበላ ሎሚ እንድትጨምቅበት ነገረቻት፤ በዐረብኛም ጻፈችላት። ወረቀቱን ለማዳሟ መስጠት ፈርታ ሦስት ቀን ኪሷ ውስጥ ያዘችው። በአራተኛው ቀን ሰጠቻት። ማዳም አነበበችው፣ ምንም አላለችም፤ በማግስቱ ግን ከሱቅ ሁለት ኪሎ ምስር መጣ።

ሻዩን አሁን አስር ሰዓት ላይ ነው የምትጠጣው። ቆርቆሮው በርበሬ ተቀምጦበታል።