ከዶጀርስ በፊት የነበረው ቤዝቦል

የሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ወደ ሰሜን ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሲቢኤስ የገነባው ቴሌቪዥን ሲቲ ይገኛል። በዚያ ስፍራ ከ1939 እስከ 1957 ጊልሞር ፊልድ የተባለ፣ በእንጨት የተሠራና 13,000 ያህል ተመልካች የሚይዝ የቤዝቦል ስታዲየም ነበር። የሚጫወትበት ክለብ ሆሊውድ ስታርስ ሲሆን ከባለአክሲዮኖቹ መካከል ጋሪ ኩፐርና ቢንግ ክሮዝቢ ነበሩበት። ክለቡ በ1949፣ በ1952 እና በ1953 የፓሲፊክ ኮስት ሊግን ዋንጫ ወስዷል፤ በ1950 ደግሞ ተጫዋቾቹ ቁምጣ ለብሰው ሜዳ በመግባታቸው መነጋገሪያ ሆነዋል። ይህ ሊግ «ማይነር» (ንዑስ) ተብሎ ከዋናው መዝገብ የቀረው ግን በችሎታ ማነስ ብቻ አይመስለኝም። ዋናው ምክንያት ርቀት ነው።

እስከ 1954 ድረስ የሜጀር (የዋናው) ሊግ ክለቦች ከሴንት ሉዊስ ወደ ምዕራብ አልተሻገሩም። ቡድኖች በባቡር በሚጓዙበት ዘመን ካሊፎርኒያ ደርሶ መመለስ ቀናት ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ምዕራቡ ከ1903 ጀምሮ ይህን የራሱን ሊግ ይዞ የራሱን ጀግኖች አፈራ። አየሩ ለስላሳ በመሆኑም የውድድር ዘመኑ ረጅም ነበር፤ በምሥራቅ 154 ጨዋታ ሲደረግ በምዕራብ አንዳንዴ ወደ 200 ይጠጋል። ቶኒ ላዜሪ በ1925 ለሶልት ሌክ ሲቲ 60 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳ ውጭ የሚያሳልፍ ምት) መታ። ቤብ ሩት በ1927 እዚያው ቁጥር ላይ ሲደርስ አገር ምድሩ አወቀለት፣ የላዜሪን ግን ያስታወሰው ጥቂት ነው። እውነት ነው፣ ላዜሪ 197 ጨዋታ ተሰልፏል፣ ሩት 151 ብቻ።

የሊጉን ቁጥሮች የሚነቅፉ ሰዎች ስቲቭ ቢልኮን ያነሳሉ። ቢልኮ በ1956 በዚሁ ሊግ ለሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ 55 ሆም ረን መትቶ አማካዩን .360 አደረሰ፤ ከ1,000 ሙከራ 360ው ይሳካለት ነበር ማለት ነው። በሜጀር ሊግ ዘመኑ ሁሉ ያስመዘገበው ግን 76 ሆም ረንና የ.249 አማካይ ነው። ኤንጀልስ የሚጫወቱበት ሪግሊ ፊልድም ለመቺ የተመቸ ነበር፤ ሜጀር ሊግ በ1961 እዚያ ሲጫወት 248 ሆም ረን ተመትቶበታል። ነቀፌታው ተገቢ ነው። ሆኖም የሚያስተምረን ቁጥርን ከሜዳውና ከዘመኑ ጋር አድርጎ ማንበብን እንጂ መጣልን አይደለም። ጆ ዲማጅዮ ገና በ18 ዓመቱ፣ በ1933፣ ለሳን ፍራንሲስኮ ሲልስ ሲጫወት 61 ተከታታይ ጨዋታ ያለ ሂት (ቤዝ የሚያስይዝ ምት) አልወጣም። በ1941 ለኒው ዮርክ ያንኪስ በ56 ተከታታይ ጨዋታ ይህንኑ ደገመው። ሁለተኛው እስከ ዛሬ የሜጀር ሊግ ክብረ ወሰን ነው፤ መቺው ግን ያው አንድ ሰው ነው።

መዝገቡም ተዘግቶ የቀረ አይደለም። ሜጀር ሊግ በ2020 ሰባት የጥቁሮች ሊጎችን እንደ እኩያው ተቀብሎ በ2024 ቁጥራቸውን ከራሱ ጋር አዋሃደ፤ በዚህም ጆሽ ጊብሰን በ.372 አማካይ ታይ ኮብን አልፎ አንደኛ ሆነ። የጥቁሮቹ ሊጎችና የፓሲፊክ ሊግ ጉዳይ ግን አይተካከልም። ጥቁሮቹ የተገፉት በቆዳቸው ቀለም ነው፤ የፓሲፊክ ሊግ ራሱም ጆን ሪቺ በ1948 ለሳን ዲዬጎ እስኪሰለፍ ድረስ በሩን ዘግቶባቸው ነበር። ስለዚህ የፓሲፊኩ ቁጥር ይዋሃድ አልልም፤ የሊጉ ስም ተጽፎበት ጎን ለጎን ይታተም ነው የምለው። የሜጀር ሊጉ ክለብ ዶጀርስ በ1958 ከብሩክሊን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲመጡ ጊልሞር ፊልድ በዚያው ዓመት ፈረሰ። የከተማዋን የቤዝቦል ታሪክ ከዚያ ዓመት የሚጀምር ሁሉ 55 ዓመት ያጎድላል።