ሃድሰንን የምናውቅ፣ ባሕር ዳርን የረሳን

ስለ ሃድሰን ወንዝ ጠይቁን። አንድ ሳይቀር እንተርክላችኋለን። ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ኒው ዮርክ። አንድ ኤርባስ 320 ገና ከመነሣቱ ከዝይ መንጋ ጋር ተላተመ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጉልበታቸውን አጡ፤ ካፒቴን ሰለንበርገር አውሮፕላኑን ወንዙ ላይ አሳረፈው፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ፊልሙንም አይተናል፤ ቶም ሃንክስ የሠራበትን።

እስቲ ደግሞ ስለ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ጠይቁን። ጭጭ!

ይሄኛው ግን የኛው ጉድ ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በመራዊ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሰንበታል። በዚያ መንገድ ጫፍ፣ ከሃድሰን ሃያ ዓመት ቀድሞ፣ ወፎች የአንድን ጄት ሁለቱንም ሞተሮች አጥፍተው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 604፣ ገና አዲስ የሚባል ቦይንግ 737-200፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አሥመራ ይሄድ ነበር። ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ ገባበት። አንደኛው ሞተር ወዲያው ለማለት ይቻላል ጉልበቱን አጣ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ዞሩ። ሁለተኛውም ሞተር በመመለሻው ላይ ከዳቸው። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ ወረደ፤ እሳትም ተነሣ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። 69ኙ ተረፉ።

አዲስ ዓመት በገባ በአምስተኛው ቀን። የመስቀል ደመራ ገና ሳይለኮስ።

ለመሆኑ ርግብ ያን የሚያህል ብረት እንዴት ይጥላል? የጄት ሞተር ጉልበቱ አየር መዋጥ ነው። ከፊት የሚሽከረከሩት ቢላዎች አየር ይስባሉ፤ ከኋላቸው ያሉት በየደረጃው እየጨቆኑ ያጠቡታል፤ ከዚያ ነዳጅ ይነድበታል፤ የጋለው አየር ወደ ኋላ ሲወጣ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋል፤ መንገዱ ላይ ያለውን ተርባይንም አሽከርክሮ ፊተኞቹን ቢላዎች ያዞራል። ሞተሩ ራሱን በራሱ የሚመግብ ሰንሰለት ነው ማለት ነው። ወፍ ገብቶ ቢላዎቹን ሲያጎብጣቸው የአየሩ ፍሰት ይዛባል፤ የተጨቆነው አየር ወደ ፊት ተመልሶ ይፈነዳል፤ ሞተሩም እንደታነቀ ሰው ደጋግሞ ያስላል። ያኔ ጉልበት እንዲሰጥ ነዳጅ ሲጨምሩለት ይግላል እንጂ አይበረታም። የአብራሪውን ጭንቀት አስቡት። ነዳጁን ቢቀንስ ከፍታ ያጣል፤ ቢጨምር ሞተሩን ያቃጥላል።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ማረፊያው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ ጤነኛም ሆኖ የሚውጠው አየር ያንሰዋል። ለታመመ ሞተር ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተው ገምቱት።

«ሌላ መጠባበቂያ የለውም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አለው። አውሮፕላኑ ጭራ ውስጥ ኤ.ፒ.ዩ. የሚባል ትንሽ ተርባይን አለ። መሬት ላይ ቆሞ ሳለ መብራቱን የሚያበራው፣ ዋናዎቹን ሞተሮች በታመቀ አየር የሚያስነሣው እሱ ነው። በሃድሰኑ ታሪክ ሰለንበርገር የሠራው ትልቅ ሥራ የማረሚያ ዝርዝሩ እስኪደርስ ሳይጠብቅ ኤ.ፒ.ዩ.ውን ማስነሣቱ ነበር። ኤርባሱ የሚታዘዘው በኮምፒውተር ነውና መብራት ለእሱ ነፍስ ነው። በ737-200 ግን መሪው ከክንፉና ከጭራው ጋር በሽቦ ገመድ የተያያዘ ስለሆነ፣ ያለ ሃይድሮሊክም በክንድ ጉልበት መምራት ይቻላል። ያም ሆነ ይህ ኤ.ፒ.ዩ. መብራት ይሰጣል እንጂ አይገፋም። ሁለቱ ሞተሮች ሲጠፉ አውሮፕላኑ ተንሸራታች ነው፤ የቀረው ሀብት ከፍታው ብቻ ነው። ሰለንበርገር ከ800 ሜትር በላይ ነበረው፤ እሱም የገዛለት ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ከፊቱ ደግሞ ለጥ ያለ ወንዝ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማር? ሁለት ሞተር የሚሠራው አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲያደርስ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ሁለቱ በየራሳቸው ምክንያት የሚበላሹ ከሆነ። ነገር ግን ሁለቱም የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው። መንጋው ከመጣ ለሁለቱም ይመጣል። ስለዚህ የመጨረሻው መድኃኒት ያለው አውሮፕላኑ ውስጥ አይደለም፤ መሬት ላይ ነው፤ ማረፊያው ዙሪያ።

ይህን ደግሞ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበሬ ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ዳጉሳውና ማሽላው ሲያፈራ ማማ ይሠራል፤ ልጁ ወንጭፉን ይዞ ማማው ላይ ይውላል። ወፉ ከሰፈረ በኋላ መሮጥ ዋጋ እንደሌለው ያውቃል። ወፍ የሚጠበቀው ከመስፈሩ በፊት ነው። ሣሩን ማጨድ፣ ቆሻሻ መጣያን ማራቅ፣ የውኃ ጉድጓድ መድፈን፣ መንጋው ከመነሣቱ በፊት ማባረር፤ የዓለም ማረፊያዎች ዛሬ በደንብ የሚሠሩት ሥራ የማማው ልጅ ሥራ ነው። ጣና ዳር፣ እርሻ መካከል ላለ ማረፊያ ደግሞ ይህ ሥራ ትርፍ ሊሆን አይችልም።

አየር መንገዳችን ሥራ የጀመረው በ1938 ዓ.ም. ነው፤ ጄት የገባው በ1955። በዚህ ሁሉ እንኮራለን፤ ደግሞም ይገባናል። ኩራት ግን የድል ቀን ብቻ ሲሆን ይጎድላል። ዛሬ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የሚጠራው ማረፊያ ላይ ስንወርድ ስልካችንን አውጥተን ጣናን ፎቶ እናነሣለን። እናንሣ። ግን ወንበራችን ላይ እንዳለን፣ ቀበቶው ሳይፈታ፣ ለአንድ አፍታ 35ቱን እናስብ። 69ኙን ይዘው ሜዳ ላይ የወረዱትን አብራሪዎችም እናስብ። ለእነሱ ሆሊዉድ ፊልም አልሠራላቸውም። ቢያንስ እኛ ቀኑን እንወቅላቸው፦ መስከረም 5።