ግሉኮስና የኩየራ ሕፃናት

በደም ሥር ፈሳሽ የመስጠት ሕክምና የተጀመረው በኮሌራ ምክንያት ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ላታ በ1832 እ.ኤ.አ. ጨውና ውሃ በደም ሥር ሰጥቶ ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን አነቃ። በአገራችን ሕዝቡ ይህን ፈሳሽ ሁሉ «ግሉኮስ» ይለዋል፤ አልጋ የያዘ ሰው ግሉኮስ ካልተሰቀለለት የታከመ አይመስለውም።

ይህ እምነት አደገኛ የሚሆነው በምግብ እጥረት በተጎዳ ሕፃን ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ሲቀር፣ ከሻሸመኔ በስተሰሜን ባለችው ኩየራ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት እንዲህ ያሉ ሕፃናትን ያክም ነበር። የከሳ ሕፃን ቆዳው ተቆንጥጦ ቶሎ ስለማይመለስ፣ ውሃ ያላጠረው ልጅ እንኳ የደረቀ ይመስላል። ልቡ ግን ደክሟል፣ በሰውነቱም ጨው ተከማችቷል፤ በደም ሥር የሚንቆረቆር ፈሳሽ ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የ1999 እ.ኤ.አ. መመሪያ በደም ሥር መስጠትን ሾክ ውስጥ ለገባ ሕፃን ብቻ ፈቀደ፤ መጠኑም በሰዓት ለኪሎ 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን ትንፋሹና የልብ ምቱ ደጋግሞ ይቆጠራል። ለሌላው ሕፃን ግን ለእንዲህ ያሉ ልጆች የተዘጋጀው ሬሶማል የተባለ ፈሳሽ በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ ቀስ እያለ ይሰጠዋል።

በ2011 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ 3,141 ትኩሳት ያለባቸው ሕፃናት የተሳተፉበት ፊስት የተባለው ጥናት ጥንቃቄው ከዚያም እንደሚሰፋ አሳየ። ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሳይካተቱበት እንኳ፣ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ።