መቃብር የሌለው ጀግና

የአሜሪካ ሥዕላዊ መጽሔቶች ጀግና ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1992 «ሞተ»። ሕዝቡ መጽሔቱን ለመግዛት በየመደብሩ ተሰለፈ፤ ጋዜጦችም እንደ ትልቅ ዜና ዘገቡት። በቀጣዩ ዓመት ግን ተነሣ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አኪሊስ ትዝ ይለኛል።

በሆሜር «ኢሊያድ» ውስጥ አኪሊስ ሁለት ዕጣ ነበረው፤ ወይ አገሩ ተመልሶ ስሙ ሳይጠራ ረጅም ዕድሜ መኖር፣ አለዚያም በትሮይ ሜዳ በአጭር ተቀጭቶ ስሙን ማስጠራት። ወዳጁ ፓትሮክሎስ ሲገደልበት ሁለተኛውን መረጠ። ገዳዩን ሄክተርን ገደለ፤ ሬሳውንም በሠረገላ ጎተተ። ኋላ ግን የሄክተር አባት፣ ሽማግሌው ፕሪያም፣ ልጁን ይቀብር ዘንድ እጁን ስሞ ሲለምነው፣ አኪሊስ ዳግመኛ የማያየውን የገዛ አባቱን አስታውሶ አብሮት አለቀሰ። ሬሳውንም ሰጠው። ልቡ የራራው ሞት የእሱም ዕጣ መሆኑን ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

የሱፐርማን ነገር ሌላ ነው። ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች ፈጠሩት፤ በ1938 ባለቤትነቱን በ130 ዶላር ሸጡት። ከዚያ ወዲህ የኩባንያ ሀብት ሆነ። ቢሞት እንኳ ገበያው ያስነሣዋል። ደካማን መርዳቱን አልነቅፍም፤ በደግነት እንዲያውም አኪሊስን ያስከነዳል። ነገር ግን ጥይት የማይበሳው ሰው ጥይት ፊት ቢቆም ምን ከፈለ?

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ለዚህ ግን አስቀድሞ መቃብር ያስፈልጋል።