የእንሰት ችግኝ አባዛዝና የሥር እድገቱ

የጉመር ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአረቅጥና በአካባቢዋ ባሉ የጉራጌ ዞን ደጋማ ቀበሌዎች፣ ከጀፎረው ወዲያ በየቤቱ ጓሮ የሚታየው እንሰት የቤተሰቡ የዓመታት ቀለብ ነው። ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይ በርካታ ዓመታት የሚፈልግ ሲሆን፣ በደጋው ቆይታው ይረዝማል። በመሆኑም በችግኝ ወቅት የተፈጸመ ጉድለት ዋጋ የሚያስከፍለው ዘግይቶ ነው።

እንሰት ወደ ጥልቀት የሚወርድ ዋና ሥር የለውም። የተክሉ እውነተኛ ግንድ ከመሬት በታች የሚገኘው አሚቾ ነው፤ ከላይ ግንድ መስሎ የሚታየው የቅጠል እግሮች ጥቅል ነው። ሥሮቹ እንደ ገመድ ሆነው ከአሚቾው ዙሪያ ይወጡና አብዛኞቹ በላይኛው የአፈር ክፍል ይዘረጋሉ። ውሃና ምግብ በመሳብ ረገድ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ከእነዚህ የሚበቅሉት ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሥሮች ናቸው። የጓሮው አፈር በየጊዜው በፍግ መዳበሩ ለተክሉ የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው።

አርሶ አደሩ ችግኝ የሚያገኘው በአብዛኛው ከአሚቾ ነው። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያስቆጠረ ተክል ተነቅሎ ግንድ መሰሉ ክፍል አጠር ተደርጎ ይቆረጣል፤ የመሐሉ የእድገት ጫፍም ተፈልፍሎ ይወጣል። ይህ ጫፍ እስካለ ድረስ በአሚቾው ዙሪያ ያሉት እምቡጦች እንደተኙ ይቆያሉ፤ ሲወገድ ግን ይነቃሉ። አሚቾው ሙሉውን ወይም ለሁለትና ለአራት ተከፍሎ በፍግ በዳበረ አፈር ይቀበራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ችግኞች ብቅ ይላሉ፤ ከአንድ አሚቾ ከ40 እስከ 200 ሊገኝ እንደሚችል የዘርፉ ጥናቶች ያመለክታሉ። ሳይንስ ምክንያቱን ከማስረዳቱ በፊት ዘዴውን በተግባር የደረሱበት ገበሬዎች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

እነዚህ ችግኞች በመጀመሪያ የሚመገቡት ከእናት አሚቾ ክምችት ነው። ቀስ በቀስ ከሥራቸው ትንሽ አሚቾ ያበጃሉ፤ ከዚያም የራሳቸውን ሥር ይዘረጋሉ። ያለ ጊዜው የተነጠለ ችግኝ ቅጠሉ ቢያምርም ሥሩ ገና ስላልጠና በደረቅ ወቅት ይጎዳል። በዚህም ምክንያት ችግኞቹ አንድ ዓመት ያህል አብረው እንዲቆዩ ይደረጋል።

በጉራጌ እንሰት ወደ ቋሚ ቦታው ከመድረሱ በፊት ደጋግሞ ይዛወራል። በእያንዳንዱ ዝውውር ሥሮች ስለሚቆረጡ ተክሉ ከአሚቾው አዲስ ሥር ማውጣት ይኖርበታል፤ ቅጠሉን መከርከም በዚህ ጊዜ የሚባክነውን ውሃ ይቀንሳል። ዝውውሩ አበባ የሚያወጣበትን ጊዜ ያዘገያል። ለቤተሰቡ ይህ ጥቅም አለው፤ እንሰት አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል ነውና።

በዘር የሚራባው በአብዛኛው የዱር እንሰት ነው። ከዘር የወጣው የመጀመሪያ ሥር ብዙ ሳይቆይ ቦታውን ከግርጌ ለሚወጡት ሥሮች ይለቃል። ይሁን እንጂ ከዘር የበቀለው ተክል የእናቱን ጠባይ በትክክል ይዞ አይገኝም። በቤተ ሙከራ በቲሹ ካልቸር የሚባዛው ችግኝ ደግሞ ሥሩን የሚያወጣው በብልቃጥ ውስጥ በመሆኑ፣ ወደ አፈር ሲወጣ በጥላና በእርጥበት ሥር ቀስ በቀስ መለማመድ ያስፈልገዋል። የቆረጣው ክፍል እየጠቆረ መበላሸቱም ለዘዴው ዋነኛ እንቅፋት ሆኖ ቆይቷል።

በወላይታ ቦዬ የሚባለው ያምም ተቀራራቢ ጠባይ አለው። የሚተከለው ቁራጭ ሥር የሚያወጣው ከሥጋው ሳይሆን በአዲሱ ቡቃያ ግርጌ ካለው አንጓ ነው። በናይጄሪያ ከ25 እስከ 50 ግራም በሚመዝን ቁራጭ የማባዛት ዘዴ የተስፋፋው ለዘር የሚውለውን ምርት ለመቆጠብ ቢሆንም፣ ትንሹ ቁራጭ ስንቁ አነስተኛ ስለሆነ ሥሩ እስኪጠና ጥንቃቄ ይሻል።

ለእንሰት ትልቁ ስጋት የአጠውልግ በሽታ ነው። ባክቴሪያው በእንሰት ላይ መኖሩን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ አሳውቀዋል። በሽታው በተበከለ ቢላዋ፣ በእንስሳትና በችግኝ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በዝውውር ወቅት በሥርና በአሚቾ ላይ የሚደርስ ቁስልም መግቢያ ይሆነዋል። ጤነኛ የሚመስል ችግኝ ጀርሙን ሊሸከም ስለሚችል አንድ የታመመ አሚቾ የጓሮውን ተተኪ ትውልድ በሙሉ ለአደጋ ይዳርጋል። ባለሙያዎች አሚቾው በሽታ ካልታየበት ጓሮ እንዲመረጥ፣ ቢላዋው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሸጋገሩ በፊት በእሳት እንዲለበለብ፣ የታመመው ተክልም ከነሥሩ ተነቅሎ እንዲቀበር ይመክራሉ።