መቶ ነጥብና ባዶ እጅ

አንድ የታወቀ ፎቶግራፍ አለ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት በልብስ መለወጫ ክፍል ተቀምጦ አንዲት ነጭ ወረቀት ይዟል። በወረቀቷ ላይ የተጻፈው «100» የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ወጣቱ ዊልት ቻምበርሌን ይባላል። ቀኑ ማርች 2 ቀን 1962 ነበር (ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)፤ ቦታውም በፔንሲልቬንያ ግዛት ኸርሺ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ ምሽት ቻምበርሌን ለፊላዴልፊያ ዋሪየርስ ተሰልፎ በኒውዮርክ ኒክስ ላይ መቶ ነጥብ አስቆጠረ። በኤን ቢ ኤ፣ ማለትም በአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ፣ በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ያስቆጠረ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ቅርጫት ኳስ የሚወድ ተማሪ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይም ሆነ ማታ በየመኝታ ክፍሉ «ከሁሉ የሚበልጠው ማነው?» የሚለው ክርክር ሲነሣ መቶዋ መጠቀሷ አይቀርም። እኔ ግን እስቲ አንድ ጥያቄ ልጨምር። በዚያ ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ማነው? ቻምበርሌን አይደለም። መቶ ነጥብ ያስቆጠረው ሰው የውድድሩን ዓመት የጨረሰው ባዶ እጁን ነው።

ነገሩ የኳስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታሪክን የሚሠራው አንድ ታላቅ ሰው ነው ወይስ ከጎኑ የቆሙት? እያልን በክፍል ውስጥም ከክፍል ውጭም የምንሟገትበት ጥያቄ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአንድ ወገን የሚሰለፈው አምስት ሰው ብቻ ነው፤ ማን ምን እንደሠራም ይቆጠራል፣ ይመዘገባል።

በመጀመሪያ መቶዋን ራሷን እንመርምራት። ቻምበርሌን በዚያ ምሽት 63 ጊዜ ወርውሮ 36 አገባ፤ ከ32 የቅጣት ውርወራ ደግሞ 28 አገባ። ታዲያ ኳሷ እጁ የገባችው በራሷ እግር ሄዳ ነው? ጋይ ሮጀርስ የሚባለው ጓደኛው ብቻውን ለነጥብ የበቁ 20 ኳሶች አቀብሏል። በመጨረሻው ሩብ ሰዓት የፊላዴልፊያ ልጆች የራሳቸውን ዕድል ትተው ኳሷን ለእርሱ ብቻ ይሰጡ ጀመር። ኒውዮርኮች ኳሷ እርሱ ዘንድ እንዳትደርስ በሌሎቹ ላይ ጥፋት ይሠራሉ፤ ፊላዴልፊያዎችም ኳሷን ቶሎ ለማስመለስ በተራቸው ጥፋት ይሠራሉ። ጨዋታው ወደ መጨረሻው ላይ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ቁጥር የመሙላት ዘመቻ ሆነ። ውጤቱ 169 ለ147 ነው። እንግዲህ ያችን መቶ እንኳ አንድ ሰው ብቻውን አልሠራትም።

በዚያ የውድድር ዓመት ቻምበርሌን በአማካይ በየጨዋታው 50.4 ነጥብ አስቆጥሯል። እንዲህ ያለ ሰው የያዘ ቡድን ማን ይችለዋል ትሉ ይሆናል። ቦስተን ሴልቲክስ ቻለው። በምሥራቁ ክፍል የፍጻሜ ውድድር ሁለቱ ቡድኖች ሦስት ሦስት ጊዜ ተሸናንፈው ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ደረሱ። ሊያበቃ ሁለት ሰከንድ ያህል ሲቀረው ሳም ጆንስ የሚባለው የቦስተን ተጫዋች ወረወረና አገባ፤ ቦስተን 109 ለ107 አሸነፈ።

በቦስተን በኩል ከቻምበርሌን ፊት ለፊት የቆመው ሰው ቢል ራስል ነው። ራስል በሙያ ዘመኑ በአማካይ ያስቆጠረው 15.1 ነጥብ ብቻ ነው። በአንድም የውድድር ዓመት አማካዩ ሃያ አልደረሰም። ነገር ግን በተጫወተባቸው 13 ዓመታት 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። እንዴት?

መልሱ አሠራሩ ላይ ነው። ሌላው ተከላካይ የተወረወረ ኳስ ሲመታ ጭብጨባ እንዲያገኝ አጎንቶ ወደ ተመልካቹ ይሰደዋል። ኳሱ ከሜዳ ወጣ ማለት ግን ተመልሶ ለባላጋራው ይሰጣል ማለት ነው። ራስል ቀስ አድርጎ ይነካና ሜዳው ውስጥ ያስቀረዋል፤ ጓደኛው ያነሣዋል። ከሰሌዳው የተመለሰውን ኳስ ሲይዝም ለቦብ ኩዚ ይወረውርለታል፤ ኩዚ እየነዳ ይሮጣል፤ ሌሎቹ ቀድመውት ሄደዋል። ነጥቡ የሚመዘገበው በመጨረሻው ሰው ስም ነው፤ ሥራው የተጀመረው ግን በራስል እጅ ነው። አሠልጣኛቸው ሬድ አወርባክም ጎበዝ የሆኑትን ፍራንክ ራምዚንና ኋላም ጆን ሃቭሊቼክን ሆን ብሎ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውጭ ያስቀምጣቸውና ባላጋራው ሲደክም ያስገባቸው ነበር። አስቡት፤ በሌላ ቡድን ዋና ሊሆን የሚችል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ! በዚያ ሁሉ የድል ዘመን በነጥብ ብዛት የሊጉ አንደኛ የሆነ የቦስተን ተጫዋች አንድ እንኳ የለም።

«አይ፣ ራስል ዕድለኛ ነው፤ ጥሩ ጓደኞች ስላገኘ ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ግን እንመልከት። ራስል በ1956 ከመምጣቱ በፊት ቦስተን አንድም ጊዜ ሻምፒዮን አልሆነም። በ1958 ራስል በፍጻሜው ውድድር መካከል ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ፤ ዋንጫውን ቦብ ፔቲት በመጨረሻው ጨዋታ 50 ነጥብ ያስቆጠረለት ሴንት ሉዊስ ሆክስ ወሰደ። በ1969 ራስል ጨዋታ አቆመ፤ በሚቀጥለው የውድድር ዓመት ቦስተን 34 አሸንፎ 48 ተሸነፈ፤ ለማጣሪያው እንኳ አልበቃም። ስለዚህ ጓደኞቹ ያለ እርሱ፣ እርሱም ያለ ጓደኞቹ አይሆኑም ነበር። ጥገኝነቱ የሁለት ወገን ነው።

ወደ ቻምበርሌን እንመለስ። እስከ 1966 ድረስ በማጣሪያና በፍጻሜ ውድድር ከቦስተን ጋር አምስት ጊዜ ተገናኝቶ አምስቱንም ተሸነፈ። ሕዝቡም «ተሸናፊ» ይለው ጀመር። በ1966 ግን አሌክስ ሃነም የሚባል አሠልጣኝ የቻምበርሌን አዲስ ቡድን ወደሆነው ወደ ፊላዴልፊያ ሰቨንቲ ሲክሰርስ መጣ። ሃነም ማለት በ1958 ሴንት ሉዊስን ይዞ ቦስተንን ያሸነፈው ሰው ነው። ለቻምበርሌን ያቀረበለት ሐሳብ ከባድ ነበር፤ ውርወራህን ቀንስ፣ አቀብል፣ ተከላከል የሚል። ሊጉን ሰባት ዓመት በተከታታይ በነጥብ የመራን ሰው ነጥብህን ተው ማለት ቀላል አይደለም! ቻምበርሌን ግን ተቀበለ። አማካዩ ወደ 24.1 ወረደ፤ ለነጥብ የሚያበቃ ቅብብሉ ወደ 7.8 ወጣ። ሃል ግሪር፣ ቼት ዎከርና ቢሊ ከኒንግሃም ነጥቡን ተካፈሉት። ቡድኑ 68 አሸንፎ 13 ብቻ ተሸነፈ፤ ቦስተንን 4 ለ1 ከመንገድ አስወገደ፤ በፍጻሜውም ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የተዛወረውን የድሮ ቡድኑን ዋሪየርስን 4 ለ2 አሸንፎ የ1967ን ዋንጫ ወሰደ። ያ ሰው ነጥቡን በግማሽ ሲቀንስ ነው ዋንጫ ያገኘው።

ከዚህ ላይ «እንግዲያው ኮከቦችን መሰብሰብ ነው ዘዴው» የሚል ይኖራል። ሎስ አንጀለስ ሌከርስም እንዲሁ አሰበ። በ1968 ቻምበርሌንን አምጥቶ ከጄሪ ዌስትና ከኤልጂን ቤይለር ጋር ደባለቀው። በአንድ ቤት ሦስት ባለ ስም! ነገር ግን ቻምበርሌን ከቅርጫቱ ሥር ሲቆም ቤይለር ሰንጥቆ የሚገባበትን መንገድ ያጠብበታል፤ ቻምበርሌንና አሠልጣኙ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አልተስማሙም። በ1969 ፍጻሜ ከፊታቸው የቆመው በምሥራቁ ክፍል አራተኛ ሆኖ የጨረሰው፣ ያረጀው ቦስተን ነበር፤ ራስል ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆኖ ይመራዋል። ለሰባተኛው ጨዋታ የሌከርስ ባለቤት ለድሉ በዓል የሚለቀቁ ፊኛዎች ጣሪያው ላይ አሰቅሎ ነበር። በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ቻምበርሌን ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ፤ ተሻለኝ፣ መልሱኝ ቢል አሠልጣኙ አልመልስህም አለው። ቦስተን 108 ለ106 አሸነፈ። ፊኛዎቹ ተሰቅለው ቀሩ። ዌስት በዚያች ጨዋታ 42 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር። ለፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ሽልማት መስጠት የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ ሽልማቱም ለተሸናፊው ዌስት ተሰጠ። ምርጥ ተብሎ መሸነፍ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ጓደኛ ማለት አጠገብ የቆመ ሁሉ አይደለም። አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላ፣ ሌላው ቦታ ሲፈልግ ዞር የሚል ነው። ይኸው ሌከርስ በ1971 በድሮው የራስል የቡድን ጓደኛ በቢል ሻርማን እጅ ገባ። ቤይለር ጨዋታ አቆመ፤ ቻምበርሌን በ35 ዓመቱ ኳስ መመለስና መከላከል ላይ በረታ፤ ዌስትና ጌይል ጉድሪች ያስቆጥሩ ጀመር። ቡድኑ 33 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። በ1972 ዋንጫውን ሲወስድ የቻምበርሌን አማካይ 14.8 ነጥብ ነበር። ልብ በሉ፤ ሰውየው በነጥብ ራስልን ሲመስል እንደ ራስል አሸነፈ። ቀድሞ በሰባት ፍጻሜ የተሸነፈው ዌስትም በሕይወቱ አንዲቱን የተጫዋችነት ዋንጫ ያነሣው ያን ጊዜ ነው።

ይህ የድሮ ነገር ነው የሚል ካለ ማይክል ጆርዳንን ይጠይቅ። ኤፕሪል 20 ቀን 1986 ጆርዳን በቦስተን ሜዳ 63 ነጥብ አስቆጠረ፤ በማጣሪያ ውድድር እስከ ዛሬ ያልተደረሰበት ቁጥር ነው። ቡድኑ ቺካጎ ቡልስ ግን በሁለት ጭማሪ ሰዓት 135 ለ131 ተሸነፈ፤ በጠቅላላውም 3 ለ0 ተሰናበተ። ከ1988 እስከ 1990 ደግሞ ዲትሮይት ፒስተንስ ሦስት ዓመት በተከታታይ አስወጣው። በ1989 ዋና አሠልጣኝ የሆነው ፊል ጃክሰን ኳሷ አንድ እጅ ላይ እንዳትቆይ፣ ተጫዋቾች በሦስት ማዕዘን ቆመው ነጻ ለሆነው ሰው እንዲያቀብሉ የሚያደርግ አጨዋወት አስገባ። ጆርዳን ነጥብ ማስቆጠሩን አልተወም፤ ጓደኞቹን ማመን ግን ጨመረ። በ1991 የመጀመሪያው ዋንጫ መጣ።

በ1993 የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ላይ ቺካጎ በፊኒክስ ሳንስ 98 ለ96 እየተመራ ነበር። ኳሷ ከጆርዳን ወደ ስኮቲ ፒፐን፣ ከፒፐን ወደ ሆራስ ግራንት፣ ከግራንት ወደ ጆን ፓክሰን ሄደች። ፓክሰን ከሩቅ ወርውሮ ሦስት ነጥብ አገባ፤ 99 ለ98፣ ሦስተኛ ዋንጫ። ጆርዳን ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ጨዋታ ሲያቆም ጓደኞቹ ያለ እርሱ 55 ጨዋታ አሸነፉ፤ ከእርሱ ጋር ያሸነፉት 57 ነበር። ሁለት ብቻ ጎደለ! ዋንጫው ግን አልመጣም። ያለ ጓደኞቹም እርሱ አላገኘም፤ ያለ እርሱም እነርሱ አላገኙም።

ታዲያ ምን እንበል? ታላቅ ሰው አያስፈልግም የሚል ሞኝ ነው፤ ታላቅ ሰው ይበቃል የሚልም ሞኝ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አንበሳው ከድሩ ጋር ሲተባበር ምን ይሆናል? የሚለውን ግን ተረቱ አልነገረንም። የቻምበርሌን ሕይወት የነገረን ይመስለኛል።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች ያችን ነጭ ወረቀት ብዙ ጊዜ እናያለን። ባናያት እንኳ እንጽፋታለን፤ አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ፎቶግራፍ። ሮጀርስ ያቀበላቸው ሃያ ኳሶች ግን በወረቀቷ ላይ የሉም። ስለዚህ በሚቀጥለው የፋኩልቲዎች ግጥሚያ ዳር ቆመን ስንጮህ፣ ያገባውን ልጅ በትከሻችን ከመሸከማችን በፊት፣ ኳሷን ማን ሰጠው? ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ከሜዳ ወጥተን መጽሐፍ ስንገልጥም አይለየን።